የሁለተኛው ወንበር ጠባቂ

ባለፈው ግንቦት ለዘመድ ሠርግ መቱ ሄጄ፣ ከአውቶቡስ እንደ ወረድኩ ዝናብ ያዘኝ። ባለባጃጁ ልጅ በግራና በቀኝ የተጠቀለለውን ሸራ ለቀቀልኝና «እማማ፣ እግርዎን ሰብሰብ ያድርጉ» አለኝ። የራሰ ሸራና የቤንዚን ሽታ አንድ ላይ ሲመጣብኝ የምሄድበትን ሰፈር ስም እንኳ መንገር አቃተኝ። ያንን ሽታ አውቀዋለሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ አንድ በጋ ሙሉ እዚያ ሽታ ውስጥ ተቀምጬ አባቴን ስሰልል ነበር።

ያኔ ጣሊያን ከወጣ አሥራ ምናምን ዓመት ሆኖታል። አባቴ ደምሴ የመቱ ወፍጮ ቤት ሞተረኛ ነው። በጣሊያን ጊዜ ካሚዮን መፍታትና መግጠም በግድ አስተምረውት፣ እነሱ ሲሄዱ ሙያው እጁ ላይ ቀረለት። ዝምተኛ ሰው ነው። ሲጠየቅ ግማሹን ይመልሳል፤ ግማሹን እንደ መፋቂያ አፉ ውስጥ ይይዘዋል።

መኪናዋ የመጣችው ከጎሬ ነው፣ በቡና ካሚዮን ጀርባ ላይ ተጭና። መኪና መኪና ላይ ተጭኖ ሲሄድ አይቶ የሚያውቅ ስላልነበረ ሰፈሩ በሙሉ ወጣ። ስምንት ኩሊዎች በሁለት ጣውላ አንሸራተው አወረዷት። ቀይ ናት። ቁመቷ ከአባዬ ወገብ አያልፍም። ጣራዋ ሸራ ነው፣ እሱንም አይጥ በልቶታል፤ መሪዋ ላይ የዶሮ ኩስ ደርቆበታል። ከኩሊዎቹ አንዱ በኦሮምኛ «ካሚዮኑ ወለደ!» ሲል ሁሉም ሳቁ።

ባለቤቷ ጎሬ ላይ ቡና ይገዛ የነበረ ፈረንጅ ነው። ከአገሩ አስመጥቷት አንድ በጋ ነዳት፤ የኢሉባቦር ጭቃ ሆዷን ሲይዛት ዶሮ ቤት ሥር አቆማት። አገሩ ሊገባ ሲነሣ ደፍሮ የሚወስዳት ሰው ጠፋ። አባዬ በቅሎውን ከነኮርቻዋ ሰጥቶ ወሰዳት።

እናቴ ወርቅነሽ ደጃፍ ላይ ቆማ መጀመሪያ የጠየቀችው መኪናዋን አልነበረም።

«በቅሎዋስ?»

«ለወጥኳት።»

በቅሎዋን የሰጣቸው የእማዬ አባት ነው፣ ለሠርጋቸው። እማዬ ግን አልጮኸችም። መኪናዋን ዞረቻት። ወንበሮቹን በጣቷ እየነካች «አንድ፣ ሁለት» አለች። ከዚያ ሦስተኛውን ፈለገች፤ ጎንበስ ብላ ከሥር ጭምር አየች።

«እኛ ስንት ነን ደምሴ?»

«ስድስት።»

«አንደኛው ወንበር ያንተ ነው። ሌላው የማን ነው?»

«የሚቀመጥበት ሰው ነዋ» አለና ሳቀ። የሳቀው እሱ ብቻ ነበር።

ስድስት ያለው እውነቱን ነው፦ እሱና እማዬ፣ እኔ ትልቋ፣ ከእኔ በታች ሁለት ሴቶች፣ ከዚያ ደግሞ ገና ክርስትና የተነሣ አንድ ወንድ። እማዬ ወንዱን ልጅ ሰው ፊት አትገልጠውም ነበር። ገበያ ስንሄድ እኔ ጀርባ ላይ አዝላ በሁለት ነጠላ ትሸፍነዋለች። ብርድ ፈርታ ይመስለኝ ነበር።

ሌላም ያልጠየቅሁት ነገር አለ። የእማዬ ወገን ከሸዋ መጥተው ጎሬ የሰፈሩ ናቸው፤ በበዓል በበዓል ይመጣሉ። የአባዬ ወገን መቱ አቅራቢያ ያለችው የኡካ ገበሬዎች ናቸው። ከእነሱ አንድም ሰው ቤታችን ሲገባ አይቼ አላውቅም። ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ገበያ ላይ ኦሮምኛ እየተናገርን ስናድግ፣ ከኡካ የሚመጣ ዘመድ አለመኖሩ እንደ ግድግዳው ለምጄው ነበር።

ከተማው የየራሱን ግምት ያዘ። ገሚሱ «ፈረንጁ ወርቅ ቀብሮባታል፣ ደምሴ ያለ ነገር በቅሎ አይሰጥም» አለ። አንድ ሃምሳ አለቃ ሁለት ጊዜ መጥቶ ኮፈኗን አስከፍቶ የሬዲዮ መላላኪያ ፈለገባት፤ ካንዴላዎቹን አንድ በአንድ አስፈትቶ አሸትቶ መለሳቸው። ጎረቤታችን እትዬ ሙሉ ግን ለወርቅም ለሬዲዮም ደንታ አልነበራቸውም።

«ወርቄ፣ እኔ ምን ጥልቅ አደረገኝ» አሉ አንድ ቀን ደጃፋችን ላይ ቆመው፤ «ግን ስድስት ነፍስ ያለው አባወራ የሁለት ሰው መኪና ሲያመጣ፣ ሁለተኛዋ እዚህ ቤት የለችም ማለት ነው።»

እኔ ወንበሯን ያሉ መስሎኝ «ኧረ አለች እትዬ!» አልኳቸው። «ቀይ ቆዳ ለብሳ እዚያው መኪናው ውስጥ ናት።»

እትዬ ሙሉ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። እማዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ጥፋቴ በጥፊ መታችኝ።

አባዬ ሞተሯን ፈትቶ በወፍጮ ቤቱ ጓሮ ጆንያ ላይ ዘረጋት። በሦስተኛው ሳምንት ተነሣች። መጀመሪያ አስነጠሰች፣ ቀጥሎ ጥቁር ጢስ ተፋች፣ ከዚያ እንደ ተናደደ ንብ ጮኸች፤ ሊያስፈጩ ተሰልፈው የነበሩት ሴቶች እህላቸውን ጥለው ሮጡ። ነገር ግን ከጓሮው ሳትወጣ ሆዷ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። አባዬ ከወረደ በኋላ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ብዙ አያት። በማግስቱ የወደቀ ካሚዮን ካለበት ባሌስትራውን፣ ክብደት የሚሸከመውን ድርብርብ ብረት፣ ፈትቶ አመጣና እያሳጠረ፣ እየቆለመመ ከሥሯ ገጠመላት። ጎማዎቿንም በትላልቅ ለወጣቸው። ሲጨርሳት ቆንጆ አልነበረችም፤ ቀሚሷን ሰብስባ ወንዝ የምትሻገር ሴት ትመስላለች።

«መቱን ለመዞር ይሄ ሁሉ ከፍታ ምን ያደርግለታል?» አለች እማዬ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ። «ሩቅ ሊሄድባት ነው።»

የዚያን ቀን ነው ሥራ የሰጠችኝ። ፀጉሬን እየሠራችኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «አስኩ፣ ከእንግዲህ አባትሽ በወጣ ቁጥር አብረሽ ትሄጃለሽ። አንቺ ከተቀመጥሽበት ሌላ ሰው አይቀመጥበትም። የቆመበትን፣ ያነጋገረውን ሁሉ ትነግሪኛለሽ» አለችኝ።

አባዬ እንድሄድ ስለምነው ደስ አለው። ይህን ሳስብ ዛሬም ያመኛል። «ነይ አስኩዬ!» ብሎ ከወገቤ አንሥቶ አስቀመጠኝ። መሬቱ ላይ የተቀመጥኩ መሰለኝ። ከእግሬ ሥር ላሜራው በስቶ ነበርና በቀዳዳው መንገዱ ሲሮጥ ይታየኛል። ቡና ያሰጡ ሰዎች ሰሌናቸው ላይ አቧራ እንዳንነዛ እየጮኹ ሲያስቆሙን፣ አባዬ ቆሞ ይቅርታ ጠይቆ ቀስ ብሎ ያልፋል። እኔ ያስቆመንን ሰው ሁሉ በቃሌ እይዛለሁ። ሁለት ጊዜ ጎሬ ሄድን፤ ቡሎን ገዝቶ ተመለሰ። እማዬ «ከማን ገዛ? ሻጯ ሴት ናት?» አለችኝ። «ሽማግሌ ናቸው» ስላት ያዘነች መሰለኝ።

በየካቲት መጨረሻ ግን ወደ ኡካ ታጠፈ።

ከዋናው መንገድ ወጣ ብሎ በእንሰት የታጠረ አንድ ጎጆ አለ። አባዬ ሞተሩን አጠፋና «እዚሁ ጠብቂኝ፣ እንዳትወርጂ» አለኝ። ጎንበስ ብሎ ሲገባ ከውስጥ የሴት ድምፅ «ዱፍቴ? ያ ደምሴ ኮ!» አለ። ኦሮምኛዬ የገበያ ቢሆንም ይህን አላጣውም፤ «መጣህ? የኔ ደምሴ!» ነው ያለችው።

ወረድኩ። የግድግዳው ጭቃ በአንድ በኩል ረግፏልና በቀዳዳው አየሁ። አንዲት ሴት መደብ ላይ ተጋድማለች፤ ፀጉሯ ተፈትቷል፣ ፊቷ አይታየኝም። አባዬ ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ለማንም ሲንበረከክ አይቼው አላውቅም፤ እዚያ ግን ተንበርክኳል። ከኪሱ ሲባጎ አወጣ። ከአናቷ እስከ ተረከዟ ወጠረና ቋጠሮ አሰረበት። ከአንዱ ትከሻዋ ወደ ሌላው ወጠረና ሌላ ቋጠሮ አሰረ። እሷ የሆነ ነገር ብላ ሳቀች፤ እሱም ሳቀ። ቤት ውስጥ እንዲያ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም።

ለፋሲካ ልብስ ሰፊው ቤት ስወሰድ እንደዚሁ ነው የተለካሁት። ገባኝ፦ ቀሚስ ሊያሰፋላት ነው።

ስንመለስ ሸንኮራ ገዛልኝና «አስኩዬ፣ ኡካ መሄዳችንን ለእናትሽ አትንገሪያት» አለኝ።

«ምን ልበላት?»

«ጎማ ልንሞክር ወጣን በያት።»

ሸንኮራውን አልበላሁትም። ቤት እንደገባን አባዬ እጁን ሲታጠብ እማዬን ጓሮ ወስጄ ሁሉንም ነገርኳት፤ የኔ ደምሴ መባሉን፣ ፀጉሯን፣ ሲባጎውን፣ ቀሚሱን።

«ረጅም ናት?» አለችኝ።

«ረጅም ናት።»

«ወፍራም ናት?»

«ሲባጎው ለትከሻዋ ትንሽ ነው የፈጀው።»

እማዬ መሬቱን እያየች «ቀጭን ናት» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ አባዬን በስሙ አልጠራችውም። ምሳውን ታቀርባለች፣ ዞር ትላለች።

እሱ እንዳላየ ሆኖ ሥራውን ቀጠለ። ሁለተኛዋን ቀይ ወንበር ነቅሎ አወጣት። ከወንበሯ ጀርባ ያለውን ላሜራ በመጋዝ ቆርጦ ከኋላ ካለው የዕቃ ቦታ ጋር አገናኘው። ከዚያ ጣውላ አመጣ፤ ከሞተሩ ጀርባ እስከ መኪናዋ ጭራ ድረስ ዘርግቶ በቡሎን አሰረው። ሲባጎውን ከኪሱ አውጥቶ ሲለካበት አየሁ፤ ቋጠሮው ልክክ አለ። በጣውላውና በወለሉ መካከል ከወንበሯ ሆድ የወጣውን የፈረስ ፀጉር ሞላበት። በላዩ ላይ አዲስ ፍራሽ ዘረጋ።

እማዬ ወፍጮ ቤት የመጣችው ያኔ ነው። ፍራሹን በመዳፏ ተጫነችው። «አልጋ!» አለች። «መኪና ውስጥ አልጋ ሠራህ!»

ሊያስፈጩ የመጡት ሴቶች ቀረብ ቀረብ አሉ።

«ቤት እንነጋገር» አላት አባዬ።

«እዚሁ ንገረኝ። ማን ናት?»

እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ደጋግሞ ጠረገ። «ዝናቡ መንገዱን ሳይዘጋው የማመጣው ሰው አለኝ። ስሙን ብነግርሽ አትፈቅጂልኝም። ካመጣሁ በኋላ የፈለግሽውን አድርጊኝ።»

እማዬ ከዚያ በላይ መስማት አላስፈለጋትም። እኔም ከእሷ እኩል ጠላሁት።

ሚያዝያ ውስጥ ደመናው ከምዕራብ መቋጠር ጀመረ። አንድ ረፋድ አባዬ ማንንም ሳይሰናበት ወጣ። እትዬ ሙሉ ሮጠው መጥተው «ወደ ኡካ ነው ያቀናው!» አሉ። እማዬ ነጠላዋን አደገደገች። ልጁን ጀርባዬ ላይ አዘለችልኝ። ሦስታችን ከከተማው መውጫ ያለው የእንጨት ድልድይ አጠገብ ሄደን ቆምን። እትዬ ሙሉ መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው ሁሉ በዓይናቸው እየጠሩ ስለመጡ፣ ቀትር ላይ የቆመው ሰው ሠርግ የሚጠብቅ ይመስል ነበር።

መኪናዋ ቀስ እያለች መጣች። ሰው በእግሩ ይቀድማታል። አባዬ እያንዳንዷን ጉድጓድ እየዞረ፣ ድንጋይ ሲያይ ወርዶ እያነሣ ነው የሚነዳው። ሸራው ተገፏል። በጣውላው ላይ ቡልኮ የተሸፈነ ሰው ተጋድሟል።

እማዬ መንገዱ መሃል ገባች። አባዬ ፍሬን ያዘ።

«ወርቄ፣ ልለፍ።»

«ልያት።»

«ወርቄ፣ በልጆችሽ…»

«ልያት አልኩህ! በአባቴ በቅሎ የተሠራ አልጋ ላይ የተኛችውን ልያት!»

ቡልኮውን ከፊቷ ላይ ገፈፈችው።

እኔ የጠበቅሁት የተኳለች ቆንጆ ነበር። ያየሁት ግን አጥንት ብቻ የቀረው ፊት ነው። አፍንጫዋ የአባዬ አፍንጫ ነው፣ ቅንድቧ የአባዬ ቅንድብ። አባዬ ሴት ሆኖ፣ ታሞ የተኛ መሰለኝ።

«አያንቱ» አለች እማዬ።

ሴትየዋ ብርሃኑ ወግቷት ዓይኗን አጥብባ «ወርቄ ነሽ?» አለች። በዚህ ጊዜ ጀርባዬ ላይ ያለው ልጅ አለቀሰ። ሴትየዋ ደነገጠች። ሁለት እጇን በጭንቅ አነሣችና የራሷን ዓይን ሸፈነች።

«ልጁን አርቁት! አላየሁትም። ደምሴ ይሙት፣ አላየሁትም!»

አባዬ መሪው ላይ ተደፋ።

ነገሩን በኋላ ነው ገጣጥሜ የተረዳሁት። ከእኔ በፊት ወንድ ልጅ ነበራቸው። አያንቱ የአባዬ ታናሽ እህት ናት፤ ያኔ አብራቸው ትኖር ነበር። ልጁን አቅፋ «ሲያምር!» ባለች በሦስተኛው ቀን ልጁ ታሞ ሞተ። እማዬ በሐዘን ላይ፣ በሰው ፊት «ዓይኗ ነው የበላብኝ» አለች። አያንቱ ጓዟን ይዛ ኡካ ገባች። ቃሉ ግን ከእሷ ቀድሞ ኡካ ደርሶ ነበር። ባል አላገኘችም፤ እሳት የምትጭርበት ጎረቤት እንኳ አላገኘችም። ከጊዜ በኋላ የጀርባ አጥንቷ ታሞ መቀመጥ ሲያቅታት፣ ሐኪም ቤት ያለ ድሬሰር ለአባዬ «ተጋድማ፣ ሳትናጥ ካልሆነ አታንቀሳቅሳት» ብሎታል። በቃሬዛ ሊያመጣት ሰው ለመነ፤ እሷን ትከሻው ላይ የሚያደርግ ጠፋ። የቡና ካሚዮን ሾፌሮች ለመነ፤ እነሱም ፈሩ። ደፍሮ የሚጭናት እሱ ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ ሊያገኝ የቻለው መኪና ያቺን ብቻ ነው።

ድልድዩ ላይ እትዬ ሙሉ ነጠላቸውን ሕፃኑ ላይ ጣል አድርገው «ወርቄ፣ ነይ እንሂድ» አሉ። እማዬ የቡልኮውን ጫፍ እንደያዘች ቆማለች። ከዚያ ቡልኮውን መልሳ አለበሰቻት፤ ፊቷን አልሸፈነችም፣ አገጯ ሥር ሸጎጠችላት እንጂ። ከመንገዱም ወጣች።

«ቀስ ብለህ ንዳ» አለችው።

ልጁን ከእትዬ ሙሉ ጋር ወደ ቤት ሰደደችው። እኛ መኪናዋን በእግር እየተከተልን ሐኪም ቤት ድረስ ሄድን። እማዬ ደጁ ላይ ተቀመጠች እንጂ አልገባችም።

አያንቱ ክረምቱን በሙሉ በጀሶ ታስራ ተኛች። ምግቧን እማዬ ትሠራለች፣ እኔ አደርሳለሁ። «አዳዳ በዪኝ፣ የአባትሽ እህት አይደለሁ?» አለችኝ። ስለ ቀሚሱ የነገርኳት ቀን ሳቀች፤ ሕመሙ ሲወጋት ቆመች፣ እንደገና ሳቀች። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። አባዬ አንድም ቀን ለምን ነገርሻት ብሎ አልጠየቀኝም፤ ከዚያ በኋላ ግን ምስጢር አልነገረኝም።

ዝናቡ መንገዶቹን ዘጋቸው። መኪናዋ በወፍጮ ቤቱ ጥላ ሥር ቆማ ዛገች። ከተማው ታሪኩን ከሰማ በኋላም አላመነም። «ለእህቱ ነው ይላል» እያሉ፣ ጣውላውን ገልጠው ወርቅ የሚፈልጉ ነበሩ።

በመስከረም ሐኪሙ ሲያሰናብታት አባዬ የት እንደሚወስዳት ግራ ገባው። እማዬ ጎመን እየቀነጠሰች፣ ቀና ሳትል፣ «ኡካ ማን አላት? እዚህ አምጣት» አለች።

አመጣት፣ በዚያችው ጣውላ ላይ። የጎን ክፍሉ ተሰጣት። እማዬ ታጥባታለች፣ ፀጉሯን ትሠራታለች፣ በእጇ ታጎርሳታለች። ልጁን ግን ከጓዳ አታወጣውም። እትዬ ሙሉ ክታብ አምጥተው አሰሩለት፤ እማዬ እምቢ አላለችም። ልጁ ባለቀሰ ቁጥር አዳዳ ማንም ሳይነግራት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች።

አንድ ጥዋት አዳዳ መደቧ ላይ ቀና ብላ መቀመጥ ቻለች። እኔ ትራስ እየደገፍኩላት እማዬ ልጁን ታቅፋ ገባች። ነጠላውን ከላዩ ላይ አነሣችው።

«ያዢው» አለቻት።

አዳዳ ፊቷን አዞረች። «ተዪ ወርቄ። ነገ ቢያስነጥሰው በእኔ ነው።»

«አውቃለሁ። ያዢው።»

እቅፏ ላይ አስቀመጠችው። አዳዳ መጀመሪያ እግሩን ብቻ አየች። ቀስ ብላ ወደ ሆዱ፣ ወደ አንገቱ፣ በመጨረሻ ወደ ፊቱ መጣች። ልጁ አፍንጫዋን ጨበጠ። «ሲያምር» የሚለው ቃል ከንፈሯ ላይ ሲደርስ አየሁት፤ መልሳ ዋጠችው።

እማዬ አልራቀችም። ሁለት እጇን ከልጁ ሥር ዘርግታለች፣ ፊቷ አመድ መስሏል። አላመነችም፤ ልጅ ብሆንም ይህን አውቄዋለሁ። ሳታምን ነው የሰጠቻት። እጇ እስኪደነዝዝ እንደዚያው ቆየች፤ አንዴም «በቃ» አላለችም።